ካርታው ላይ የሌለው መንገድ

የዛሬው ጥያቄዬ ከኮምፒዩተር ሰፈር የተነሳ ነው። መልሱን ያገኘሁት ግን (አግኝቼው ከሆነ) ደዶ ውስጥ፣ አንድ የቡና ማሳ አጥር ሥር ቆሜ ነው። «ኮምፒዩተር አይመለከተኝም» የምትሉ አንባቢዎቼ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። ነገሩ የእናንተም ነው።

የእህቴ ልጅ ጅማ ከተማ ውስጥ ቡና በሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ገበሬው ጀንፈሉን በጆንያ ያመጣል፤ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ልጁ ኪሎውን ኮምፒዩተር ላይ ይመዘግባል፤ ኮምፒዩተሩ ሒሳቡን ሠርቶ ደረሰኝ ያወጣል። እንግዲህ ጆንያው ራሱ ክብደት አለው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ግን በዓለም ላይ ጆንያ የሚባል ነገር መኖሩን የረሱ ይመስል የጆንያውን ኪሎ መቀነሻ ቦታ አላበጁለትም። እናላችሁ አንድ ቀን አንዷ የሥራ ባልደረባው የኪሎ መጻፊያው ሳጥን ውስጥ «62-1» ብላ ጻፈች። ኮምፒዩተሩ ምን አለ? ቀነሰና 61 አለ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ መዝጋቢ ሁሉ እንደዚያው ያደርግ ጀመር። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚማረው ይህችኑ ዘዴ ሆነ። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር አልተጻፈም።

ሁለት የቡና ወቅት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ላይ ፕሮግራሙ «ታደሰ»። የታደሰው ፕሮግራም «62-1» ሲጻፍለት የመቀነስ ምልክቷ ጋ ሲደርስ ቆም ይልና 62 ብሎ ይመዘግባል። «ተሳስታችኋል» አይልም። ምንም አይልም። ነገሩ እስኪታወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሲታወቅ መሥሪያ ቤቱ ለካ በያንዳንዱ ጆንያ አንድ ኪሎ ጆንያ በቡና ዋጋ ሲገዛ ከርሟል። ጉድለቱም ከመዝጋቢዎቹ ደመወዝ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ሲደወል የመጣው መልስ አጭር ነበር። «እሱ ነገር እኮ መመሪያው ላይ የለም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ እንደተሻረ ይቆጠራል።»

«ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱ» አለኝ ልጁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሠራንበት ነገር እንዴት የተሻረ ይባላል? መቼ ነው የተሻረው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ይዤው ዞርኩ።

በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ «ዲፕሪኬትድ» የሚሉት ቃል አለ። ትርጉሙ «ጠፍቷል» ማለት አይደለም። «እስካሁን ይሠራል፤ ነገር ግን ልናነሳው ስላሰብን ከዛሬ ጀምሮ አትመኩበት፣ ሌላ መንገድ ፈልጉ» ማለት ነው። አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት በሩ ላይ እንደሚለጠፍ ማስታወቂያ ውሰዱት። ቃሉ የተገኘበት የላቲን ግስ ክፉን ነገር በጸሎት ማራቅ ማለት ነበር ይባላል። ዞሮ ዞሮ ዲፕሪኬትድ መባል አስቀድሞ መነገርን ይፈልጋል። እንግዲህ «ያልተጻፈ ሁሉ እንደ ዲፕሪኬትድ ይቆጠር» የሚሉ ሰዎች የሚሉት፣ ማስታወቂያው ባይለጠፍም እንደተለጠፈ ቁጠሩት ነው። መመሪያው ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው እንደ ማለት።

ለእነዚህ ሰዎች ፍትሕ እናድርግላቸው፤ ክርክራቸው ቀልድ አይደለም። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ራሳቸው የማያውቋቸው ብዙ ጠባዮች ይኖሩታል። ገሚሱ ስህተት ነው፤ ገሚሱ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። «የለመድነው ነገር አይነካብን» የሚል ሁሉ ከተሰማ ቀዳዳ አይደፈንም፤ አሮጌ አይታደስም። ሃይረም ራይት በሚባል መሐንዲስ ስም የሚጠራ አንድ አባባል አለ። ተጠቃሚው ከበዛ፣ አንተ ቃል ብትገባም ባትገባም፣ ሥራህ የሚያሳየውን ጠባይ ሁሉ የሆነ ሰው ተደግፎበታል ይላል። ታዲያ ይህ ከሆነ ሠሪው እጁን ታስሮ ሊኖር ነው? አፕል የተባለው ኩባንያ በሱቁ በኩል የሚቀርቡ ፕሮግራሞች እሱ በይፋ ያላሳወቀውን የውስጥ አሠራር እንዳይጠቀሙ የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያኛው በኩል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1995 አዲሱን ዊንዶውስ ሊያወጣ ሲዘጋጅ፣ ሲም ሲቲ የተባለው የታወቀ ጨዋታ አልሠራ አለ። ሲመረመር ጥፋቱ የጨዋታው ነበር። «ጨርሻለሁ» ብሎ የለቀቀውን የማስታወሻ ቦታ መልሶ ያነብ ነበር፤ በአሮጌው አሠራር ይህ ጉዳት አልነበረውም። የዊንዶውስ ሰዎች «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ማለት ሲችሉ፣ ጨዋታው መከፈቱን እያወቀ እንደ ድሮው የሚያስተናግደው ልዩ አሠራር ጨመሩ። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስም በዚህ ጉዳይ ግትር ነው። እኛ ባደረግነው ለውጥ የሰው ፕሮግራም ከተበላሸ ጥፋቱ የእኛ ነው ባይ ነው።

ሁለቱም ወገን የሚያውቀውን የሚያውቅ ነው። ፍርዱ ከበደኝ።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ አገራችን እንምጣ። ሞባይል ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ስልኩ ጮሆ ሳይነሳ ቢቀር ገንዘብ አይቆርጥም። ከዚህች ትንሽ እውነት ሕዝቡ አንድ ሙሉ ቋንቋ ፈጠረ፤ «ሚስድ ኮል»። አንድ የማውቀው የቡና ነጋዴ ከወንድሙ ጋር ውል ነበረው። አንድ ጊዜ ጮሆ ከጠፋ «ዋጋው እንዳለ ነው»፤ ሁለት ጊዜ ከጮኸ «ያዝ፣ አትሽጥ» ማለት ነው። ስልኩን የሠራው ሰው ይህን አላሰበም። አንድ ጠዋት ተነስቶ «ላልተነሳ ጥሪም እናስከፍላለን፤ ነጻ ነው ብለን መቼ ጻፍን?» የሚል ቢመጣ ግን ስንቶቻችን «ቀሙን» እንል ነበር?

ወይም የእኔን የአሮጌ ፍሎፒዎች ጉድ ስሙ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ከማካተቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን ለላቲን በተሠራው ቦታ ላይ እንደመሰለው ያሰፍር ነበር። አንዱ «ሀ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን ሊያስቀምጥ ይችላል። እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም ሠሪ አሰፋፈሩን ለማንም አልገለጸም ነበር። ዛሬ እነዚያን ጽሑፎቼን ስከፍት የማየው የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ነው። የእጄን ጽሑፍ እኔው ማንበብ አልቻልኩም። ያልጻፈው እሱ ነው፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ለዘመድ ጥየቃ ደዶ ወረድኩ። ከጅማ በስተደቡብ ያለችው ደዶ ደገኛም ቆለኛም ናት፤ እኔ የሄድኩት ወደ ቡናው ወገን ነው። እዚያ ልጅ ሆኜ የማውቃቸው አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሁሉም ሰው «አዴ» ነው የሚላቸው። ከአዴ ቤት ወደ ምንጩ የምትወስድ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ በጎረቤታቸው ቡና መሐል ሰንጥቃ የምታልፍ። አዴ በሙሽርነታቸው ውኃ የቀዱት በእሷ ነው። ጎረቤትየው ሞተው መሬቱ ለልጃቸው ተላለፈ። ልጁ ሁለተኛውን የይዞታ ማረጋገጫ፣ ካርታ ያለውን፣ አወጣ። ካርታው ላይ መንገዷ የለችም። አጠረው።

አዴ አሁን ምንጩ ጋ ለመድረስ ኮረብታውን ይዞራሉ። በዚያ ዕድሜ ጄሪካን ተሸክሞ ኮረብታ መዞር ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

ልጁን አናገርኩት። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ ነበር፤ ግን ክፉ አይደለም። «በዚያች መንገድ ከብት ይገባል» አለኝ። «ሌሊት ሌሊት ቀይ እሸቴ ይለቀማል። ማን ነው ያልፋል፣ ማን አያልፍም ብዬ ስጠይቅ ሁሉም 'ድሮም መንገድ ነው' ይላል። ድሮ የሚባል ወረቀት አምጡ አልኳቸው። እኔ ያለኝ ይህ ነው» ብሎ ካርታውን ዘረጋልኝ።

ጆሮዬ ውስጥ የጮኸው የማን ድምፅ እንደሆነ ትገምታላችሁ። «መመሪያው ላይ የለም።»

ይህ ክርክር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ ከሦስት ሺህ በላይ ቁጥሮች አሉት። መጨረሻው አካባቢ፣ በቁጥር 3347፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ከዚያ በፊት የነበሩ ደንቦች ሁሉ፣ የተጻፉም ሆኑ በልማድ የኖሩ፣ በዚህ ሕግ ተተክተዋልና ተሽረዋል ይላል። በአንድ ጠዋት! በየወንዙና በየዛፉ ጥላ ሥር የኖረ ስንት ዘመን የፈጀ ያልተጻፈ ሕግ በአንድ አንቀጽ «ተነሳ» ተባለ።

ተነሳ ወይ? አልተነሳም። የደዶ ሽማግሌ ቁጥር 3347ን አላነበበም። ደም ሲፈስ ያስታርቅ፣ ድንበር ሲገፋ ይለካ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይሸመግል ነበር፤ ቀጠለ። መንግሥትም ቀስ በቀስ ወደዚያው መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 78 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህልና በሃይማኖት ሕግ ሊታይ እንደሚችል ደነገገ። ኦሮሚያ ክልል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 240/2021 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጠ። ሕግ ሽሬዋለሁ ያለውን ከስድሳ ዓመት በኋላ ሌላ ሕግ መልሶ ጻፈው። ልማድ ስላልተጻፈ ብቻ የሚሞት ቢሆን ኖሮ መልሶ የሚጻፍ ነገር ከየት ይገኝ ነበር?

ግን ደግሞ እንዳንዋሽ። የኖረ ሁሉ መልካም አይደለም። ልጃገረድ መጥለፍም «የኖረ» ነበር። «ድሮም መንገድ ነው» የሚለው ቃል ስንት ግፍ ተሸክሞ አልፏል። ሆኖም ይህ ራሱ የሚያስተምረን አለ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ በጽሑፍ አስቀምጦ ነበር! ቀዳዳው የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ያ ግፍ ለዘመናት ያልተጻፈ ነበር፤ ከዚያ የተጻፈ ሆነ፤ ከዚያ ተሻረ። መጻፉ አላጸደቀውም። የአንድን ነገር ደግነት የሚወስነው መጻፍ አለመጻፉ አይደለም ማለት ነው። ክፉ ነው ብለን ልናነሳው ስንፈልግ ደግሞ ስሙን ጠርተን፣ ክፉ ነው ብለን አነሳነው። «ለነገሩ ተጽፎም አያውቅ» ብለን አላለፍነውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ዝምታ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንድ ነገር የማይጻፈው ስለተረሳ ነው፤ እንደ ጆንያው። አንዳንዱ የማይጻፈው ስለተደበቀ ነው፤ እንደ ፊደሎቼ አሰፋፈር። አንዳንዱ ደግሞ የማይጻፈው ሁሉም ስለሚያውቀው ነው፤ እንደ አዴ መንገድ። እናት ልጇን ታጠባለች ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? «ያልተጻፈ እንደተሻረ ይቆጠር» የሚለው ደንብ ሦስቱንም በአንድ ጆንያ ከትቶ ይጥላቸዋል። በጣም የታወቀውን ነገር በጣም ከተደበቀው እኩል ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዕሩ የማን ነው የሚለው ነው። በወንጀል ሕግ «በሕግ ያልተጻፈ ወንጀል አይደለም» እንላለን፤ መልካም ደንብ ነው። ለምን? ምክንያቱም ብዕሩን የያዘው መንግሥት ነው፤ ሳይጽፍ በመቅረቱ የሚጎዳውም እሱው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ባቀረበው የውል ቃል ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ ለሌላኛው ወገን እንዲተረጎም ያዛል። ዝምታው በዝምተኛው ላይ ይቆጠራል። የኮምፒዩተሩ ደንብ ግን ይህን ገልብጦታል። መመሪያውን የሚጽፈው ሠሪው ነው፤ ሳይጽፍ ሲቀር የሚቀጣው ግን ደመወዙ የሚቆረጠው መዝጋቢ ነው። ካርታውን ያነሳው ባለሙያ መንገዷን ሳያሰምር ሲቀር ኮረብታ የሚዞሩት አዴ ናቸው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸውላችሁ። ያልተጻፈ ነገር ዘላለማዊ አይደለም፤ ሊነሳ ይችላል። ግን የተሻረ አይደለም። «ያልታወቀ» ነው። ያልታወቀን ነገር ከማንሳት በፊት ደግሞ ማወቅ ይቀድማል፤ ማን እያለፈበት እንደሆነ ወርዶ ማየት፣ «ልዘጋ ነው» ብሎ መናገር፣ ሌላ መንገድ እስኪገኝ ጊዜ መስጠት። ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ከሆነ ዛሬውኑ ይዘጋ፤ ግን እሱም ይነገር። የእህቴን ልጅ ያጠፋው ዘዴው መነሳቱ አይደለም። 62-1 ሲጻፍለት ፕሮግራሙ «ከእንግዲህ አልቀንስም» ብሎ ቢጮኽ ኖሮ ጣጣው በመጀመሪያው ጆንያ ላይ ባበቃ ነበር።

የእህቴን ልጅም ነጻ አላወጣሁትም። «ሁለት ዓመት ስትጠቀሙበት አንድ ቀን ደውላችሁ 'እንዲህ እያደረግን ነው፣ ጻፉልን' ብላችኋል?» አልኩት። ዝም አለ። አላሉም። ዘዴውን ያገኘ ሰው ዘዴውን መናገር አይወድም፤ ከተናገርኩ ይወስዱብኛል ብሎ ይፈራል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለጸሐፊው ብቻ አይደለም።

ወደ ደዶ ልመልሳችሁና ላብቃ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሰው ከነጄሪካኑ እንዲያልፍ፣ ከብት እንዳይገባ፣ በለቀማ ወቅት ከመሸ በኋላ መንገዷ እንድትዘጋ ተስማሙ። ይጻፍ ያለው ማን መሰላችሁ? ልጁ ራሱ። ነገ መንገዷ እንዳትሰፋበት ፈርቷል። ወረቀት መጣ፤ አንድ የአካባቢው አስተማሪ ጻፈና አነበበው። «...ለአዴ በማሳዬ ውስጥ እንዲያልፉ ፈቅጃለሁ» ይላል።

አዴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ሊነክሩ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ፈቅጃለሁ አይባልም» አሉ።

«ምን ይባል ታዲያ፣ አዴ?» አለ አስተማሪው።

«የፈቀደ ነገ ይከለክላል። እኔ በዚያች መንገድ ሳልፍ ይህ ልጅ አልተወለደም። 'መንገድ ነበረ፣ አለ' ብለህ ጻፍ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሽማግሌዎቹም ዝም ብለው ጠበቁት። በኋላ «ይጻፍ» አለ። አስተማሪው ሰረዘና «ከጥንት የነበረው መንገድ» ብሎ ጻፈው። አዴ ጣታቸውን አሳረፉ።

የአዴን ያህል ጥያቄውን አጥርቶ የመለሰልኝ የለም። ያልተጻፈን ነገር ስንጽፍ እየሰጠን ነው ወይስ እያመንን? ሠሪውም፣ ሹሙም፣ ባለካርታውም ሁልጊዜ «ፈቅጃለሁ» ብሎ መጻፍ ይወዳል። «ነበረ» ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ ከእኔ በፊት ሰው ነበረ ማለት ነውና።

የእህቴ ልጅ ደመወዝ አሁንም እየተቆረጠ ነው፤ ሁለት ወር ይቀረዋል። አዲሱ የፕሮግራም መመሪያ ግን ባለፈው ሰሞን መጣለትና አሳየኝ። የጆንያ መቀነሻ ሳጥን ተበጅቶለታል። ከሥሩ «ለደንበኞቻችን የጨመርነው አዲስ አገልግሎት» ይላል።

«አዲስ?» አለኝ ልጁ።

አዴ ትዝ አሉኝ።